ስንት ሠራተኛ አለዎት? በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚነግዱ የወርከርስ ኮምፕ መመሪያ

«ስንት ሠራተኛ አለዎት?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ኧረ ሠራተኛ እንኳ የለኝም፤ እኔና ባለቤቴ ነን» የሚል ነው። ቡናው ቀርቦ ጨዋታው ይቀጥላል። ቅዳሜና እሁድ የምታግዝ የእህት ልጅ አለች። ማታ ማታ ዕቃ የሚያጥብ ልጅ አለ፤ እሱ ግን በካሽ ነው። ጠዋት እንጀራ የሚጋግሩ እናት አሉ፤ ለእሳቸው ደግሞ የሚከፈለው በ1099፣ ለኮንትራክተር በሚሰጠው የታክስ ቅጽ ነው። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ አምስት ሰው ደረስን።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ቆጠራ ላይ ነው። ሰው ሥራ ላይ ሲጎዳ ሕክምናውንና የቀረበትን ደመወዝ የሚከፍለው ኢንሹራንስ እዚህ አገር ወርከርስ ኮምፕ ይባላል። አገር ቤት የሠራተኞች ጉዳት ካሣ የምንለው ነው። እሱን መግዛት ግዴታ ይሁን አይሁን የሚወስነው የሠራተኛው ቁጥር ነው። ሠራተኛውን የሚቆጥረው ደግሞ ባለቤቱ አይደለም፤ ሕጉ ነው።

እኔ የትናንሽ ንግዶችን ሒሳብ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ጠበቃ አይደለሁም። ሰው ተጎድቶ ነገሩ ከከረረ ጠበቃ ያነጋግሩ። ከዚህ በታች ያለው ግን ጠበቃ ጋ ከመድረስዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ ነው።

አንድ ነገር ልበልና ወደ ሥራው እንግባ። በዚህ ሕግ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚባል ጥያቄ የለም። ወለሉን ያላደረቁት እርስዎ ይሁኑ፣ ሳይጠነቀቅ የሮጠው ልጁ ይሁን፣ ካሣው ይከፈላል። በልዋጩ ሠራተኛው በአደጋው ምክንያት እርስዎን ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። ሰጥቶ መቀበል ነው። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ኢንሹራንሱ ካለዎት ብቻ ነው። ሰካራም ሆኖ ወይም ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ከቤት ወደ ሥራ ሲመጣ መንገድ ላይ የተጋጨም አብዛኛውን ጊዜ አይገባም።

አንደኛ፦ ከወንዙ በየትኛው በኩል እንዳሉ ይለዩ

ይህ ሕግ ለግል ንግዶች የፌዴራል አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ አለው። እኛ አካባቢ ደግሞ በግማሽ ሰዓት መንገድ ሦስት ሕግ ያልፋሉ።

በዲሲና በሜሪላንድ አንድ ሠራተኛ ካለዎት ግዴታ ነው። ሙሉ ቀን ሠራ፣ በሳምንት ስምንት ሰዓት ሠራ ለውጥ የለውም። በቨርጂኒያ ግዴታው የሚመጣው ከሁለት በላይ ሲሆን ነው፤ ሦስት ሲሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አንዲት ልጅ ብቻ ቀጥሮ ቡና ቤት የከፈተ ሰው ኢንሹራንሱን መግዛት አለበት። ያው ሰው ያችኑ ልጅ ይዞ አሌክሳንድሪያ ላይ ቢከፍት ግዴታው ላይኖርበት ይችላል።

ዳላስ ያለ ወዳጅዎ «እኛ ጋ እኮ ማንም አያስገድድም» ቢልዎት አልዋሸም። ቴክሳስ ነገሩን ለግል አሠሪዎች ፈቃድ ትቶታል። አትላንታ ያለው ደግሞ እንደ ቨርጂኒያ ከሦስት ሠራተኛ ይጀምራል። ሲያትል ያለው ከግል ኩባንያ ልግዛ ቢል እንኳ አይችልም፤ ሻጩ የስቴቱ መንግሥት ነው። ምክሩን በምስጋና ተቀብለው ይተዉት። የእርስዎ ሕግ ሠራተኛዎ የሚሠራበት ስቴት ሕግ ነው።

ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ኬተሪንግ፣ ጽዳትና ሆም ኬር የሚሠሩትን ትነካለች። ቢሮው ቨርጂኒያ ነው፤ ሰርጉ ዲሲ ነው፤ የሚጠበቁት አዛውንት ሜሪላንድ ናቸው። ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ ሲደርስዎ የመጀመሪያውን መረጃ ገጽ ይክፈቱና «3 ኤ» የምትለዋን ቦታ ይፈልጉ። ኢንሹራንሱ የሚሠራባቸው ስቴቶች የተጻፉት እዚያ ነው። ሰው የሚያሠሩበት ስቴት ከጎደለ በዚያው ቀን ለኤጀንትዎ ይደውሉ። ማስጨመሩ አንድ ስልክ ነው።

ሁለተኛ፦ ሰው ይቁጠሩ፤ እንደ ሕጉ አድርገው

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡ። ባለፈው ወር ንግድዎ ውስጥ እጁን ያነሣ ሰው ሁሉ ስሙ ይጻፍ። ከዚያ ለማውጣት ይሞክሩ። አብዛኛው አይወጣም።

ዘመድ አይወጣም። የእህት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ ያሳደጉት ልጅ፣ ክፍያ እያገኘ የሚሠራ ከሆነ ሠራተኛ ነው። ቤተሰብ መሆኑ ሕጉን አያሳዝነውም።

የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ አይወጣም። ለበጋ ብቻ የመጣ ተማሪም፣ ሥራ እየተለማመደ ያለም፣ ዕድሜው ያልደረሰም አይወጣም።

በካሽ የሚከፈለው አይወጣም። ካሽ የአከፋፈል መንገድ ነው እንጂ የሥራ ግንኙነት ዓይነት አይደለም። ወረቀት የሌለው ሰው እንኳ ከቆጠራው አይቀርም፤ ሲጎዳም የካሣ መብት አለው። «እሱ አይከስም፤ ይፈራል» የሚል አሠሪ አጋጥሞኛል። ከሕጉ በፊት ኅሊና የሚባል ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ለማንኛውም ሆስፒታሉ ሒሳቡን የሚከፍለውን መፈለጉ አይቀርም።

አሁን ወደ 1099 እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። 1099 የታክስ ቅጽ ነው። ቅጹን መስጠት ሰውየውን ነጋዴ አያደርገውም። የሚታየው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ማነው? ዕቃው የማነው? ሰውየው ለሌላም ደንበኛ ይሠራል ወይስ ለእርስዎ ብቻ? እርስዎ ነገ አትምጣ ቢሉት ያበቃል? እንጀራ የሚጋግሩትን እናት እንውሰድ። ምጣዱ የእርስዎ ነው። ጤፉ የእርስዎ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚገቡት እርስዎ ስላሉ ነው። እኚህ እናት ኮንትራክተር አይደሉም። በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ምጣድና ፈቃድ ጋግረው ለአምስት ሱቅ የሚያከፋፍሉ ቢሆኑ ወሬው ሌላ ነበር።

እና ያ በመግቢያችን ያየነው ቤት ስንት ሠራተኛ አለው? ባልና ሚስቱን ትተን የእህት ልጅ፣ ዕቃ አጣቢውና እናት፣ ሦስት። በሦስቱም ስቴት ግዴታ አለበት ማለት ነው።

ባልና ሚስቱን ሁልጊዜ መተው ግን አይቻልም። ቨርጂኒያ ውስጥ ንግዱ በኮርፖሬሽን የተመዘገበ ከሆነ ፕሬዚዳንቱም ጸሐፊዋም እንደ ሠራተኛ ይቆጠራሉ። ባል ፕሬዚዳንት፣ ሚስት ጸሐፊ፣ አንድ ምግብ ሠሪ፤ ይኸው ሦስት ሞላ። በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ደግሞ በመተዳደሪያ ደንቡ ማናጀር ተብሎ የተሾመ ሰው ይቆጠራል። ድርጅቱን ሲያስመዘግቡ ማንን ምን ብለው እንደሾሙ ረስተውት ከሆነ ዶሴውን ያውጡ።

በሰው ቤት ግንባታ፣ እድሳት፣ ቀለም ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባቸው። ከራስዎ ሥራ ከፊሉን ለሌላ ሰው ቆርሰው ከሰጡ፣ የዚያ ሰው ሠራተኞች እንደ እርስዎ ሠራተኞች ሊታዩ ይችላሉ። የሻወር ቤት እድሳት ወስደው ሴራሚኩን ለሌላ ሰጡ እንበል። የሴራሚክ ሠሪው ረዳት ከመሰላል ወደቀ፤ አለቃው ኢንሹራንስ የለውም። ጣቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ይጠይቁ። ሰርተፍኬቱ ላይ ወርከርስ ኮምፕ የሚለው መስመር መሞላቱን፣ ቀኑም አለማለፉን ይዩ። ሲቻል ከሰውየው ሳይሆን በቀጥታ ከኤጀንቱ ይላክልዎ። የቨርጂኒያም የሜሪላንድም የወርከርስ ኮምፕ ኮሚሽኖች ድረ ገጻቸው ላይ የድርጅት ስም አስገብተው ኢንሹራንስ እንዳለው የሚያዩበት ቦታ አላቸው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሦስተኛ፦ እርስዎ ራስዎ ይግቡ ወይስ ይውጡ?

ባለቤቱ ሲጎዳስ? መልሱ በድርጅቱ ዓይነት ይለያያል።

ድርጅቱን በግል ስምዎ ብቻ የያዙ፣ ወይም በሽርክና የሚሠሩ ከሆነ በራሱ አይሸፍንዎትም። መግባት ከፈለጉ ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎ። ኮርፖሬሽን ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኃላፊዎቹ ውስጥ ናቸው፣ መውጣት የፈለገ ነው ቅጽ የሚሞላው። ሜሪላንድ የኤልኤልሲ አባላትንም እንዲሁ ታያለች፤ መውጣት የሚፈቀደው ቢያንስ 20 በመቶ ድርሻ ላለው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የምታሳስት ነገር አለች፦ ከሽፋኑ ወጣሁ ብሎ የፈረመ ኃላፊ ከቆጠራው አይወጣም። ሦስተኛው ሰው እሱ ከሆነ ግዴታው እንዳለ ነው።

ልውጣ ወይስ ልግባ ለሚለው፣ እኔ የምመልሰው በጥያቄ ነው። ኩሽና ይገባሉ? ዕቃ ያነሣሉ? ቫን ይነዳሉ? ከሆነ ገንዘብ ለማትረፍ ብለው ከመውጣትዎ በፊት የጤና ኢንሹራንስዎን ይመልከቱ። ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አልከፍልም የሚል አንቀጽ ያላቸው ብዙ ናቸው። ወጥተው ከሆነና እጅዎን ዘይት ቢያቃጥለው ከሁለቱም መሐል ሊወድቁ ነው። ቢሮ ተቀምጠው ሒሳብ ብቻ የሚያዩ ከሆነ መውጣቱ ስሜት ይሰጣል።

አራተኛ፦ መግዛት

መጀመሪያ አንድ አለመግባባት ላጥራ። «ኢንሹራንስ አለኝ እኮ» ይላሉ፤ የሚያወጡት ወረቀት አከራዩ የጠየቃቸው የጄነራል ላያቢሊቲ ነው። እሱ ደንበኛ ወድቆ ሲሰበር ይሠራል። ሠራተኛ ሲሰበር አይሠራም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ኤጀንት ጋ ሲሄዱ የድርጅቱን የታክስ መለያ ቁጥር፣ የተመዘገበበትን ስም ፊደሉ ሳይጎድል፣ የሥራ ቦታዎቹን አድራሻ በሙሉ፣ እና ለመጪው ዓመት የሚገምቱትን ደመወዝ በሥራ ዓይነት ከፋፍለው ይያዙ። ኩሽና ይህን ያህል፣ መስተንግዶ ይህን ያህል፣ ቢሮ ይህን ያህል። ክፍፍሉ ዋጋውን ስለሚወስን ቀልድ አይደለም።

ዓረቦኑ፣ እዚህ ፕሪሚየም የምንለው፣ የሚሰላው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ኮድ አለው። ለምሳሌ የቢሮ ጸሐፊ 8810 ነው፤ አስተናጋጅ ያለው ምግብ ቤት 9082 ነው። ለእያንዳንዱ ኮድ በየ100 ዶላር ደመወዝ የሚከፈል ተመን አለ። የዓመት ደመወዝዎን ለ100 ያካፍሉና በተመኑ ያባዙት። ለመለማመድ ያህል፣ የዓመት ደመወዝዎ 240,000 ዶላር ቢሆንና ተመኑ 1.50 ቢሆን፣ 2,400 ሲባዛ በ1.50፣ 3,600 ዶላር ይሆናል። ንግዱ ካደገ በኋላ የእርስዎ የአደጋ ታሪክም ገብቶ ያባዛዋል፤ ጥሩ ታሪክ ያወርዳል፣ መጥፎ ታሪክ ይሰቅላል። ደመወዝዎ በጣም ትንሽ ቢሆን እንኳ ዝቅተኛ ክፍያ የሚባል አለ፤ ከእሱ በታች አይወርድም።

ሬስቶራንት ላላቸው ሁለት ነገር ላንሣ። አስተናጋጆች ከደንበኛ የሚያገኙት ቲፕ በዚህ ስሌት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው የሚከፍሉት የአንድ ተኩል ክፍያም ተጨማሪዋ ግማሽ አትቆጠርም፤ ግን መዝገብዎ ላይ ተለይታ ከተጻፈች ነው። ፔይሮል የሚሠራልዎ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ደርቦ ከጻፈው መክፈል የሌለብዎን ይከፍላሉ። ይቺን ብቻ አስተካክለው ደህና ገንዘብ ያዳኑ ሰዎች አሉ።

ዓመቱን በአንዴ መክፈል ከከበደዎ በየደመወዙ እየተሰላ የሚከፈል አሠራር እንዳለ ይጠይቁ። ለጀማሪ ንግድ እሱ ይሻላል።

ኩባንያዎች «አዲስ ነህ፣ ትንሽ ነህ» ብለው ቢመልሱዎት መጨረሻ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ቼሳፒክ ኢምፕሎየርስ የሚባለው ኩባንያ ሌላው ያልተቀበለውን እንዲቀበል የተቋቋመ ነው። በቨርጂኒያና በዲሲ ደግሞ የተመለሰ አሠሪ የሚስተናገድበት የጋራ ፕሮግራም አለ፤ ኤጀንቱ ያመለክትልዎታል። ዋጋው ሊወደድ ይችላል።

ይህን ክፍያ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቁረጥ አይቻልም። «ግማሽ ግማሽ እንካፈል» የለም። ሠራተኛው ድርሻ የሚከፍልበት ዋሽንግተን ስቴት አለ፤ እሱ የሲያትል ሰዎች ጉዳይ ነው።

አምስተኛ፦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍና መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ

ፖሊሲው ሲገዛ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አብሮ ይመጣል። ሠራተኞች የሚያዩት ቦታ ይለጥፉት፤ ከማቀዝቀዣው ጀርባ አይደለም።

ቨርጂኒያ ያሉ የሐኪሞች ዝርዝር ማዘጋጀት አለባቸው። ሰው ሲጎዳ አሠሪው ቢያንስ የሦስት ሐኪሞችን ስም ያቀርባል፤ ሠራተኛው አንዱን ይመርጣል። ዝርዝሩን ካላቀረቡ ሠራተኛው የፈለገው ጋ ሄዶ ይታከማል፤ ኢንሹራንሱም ይከፍላል። ዝርዝሩን ኢንሹራንሱ ያዘጋጅልዎታል፤ መጠየቅ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ሐኪሙን የሚመርጠው ሠራተኛው ነው።

ስድስተኛ፦ ሰው የተጎዳ ዕለት

ወፍራም ክፍሉ ይህ ነው፤ ረጋ ብለው ያንብቡት።

አንድ የማውቃቸው ባለ ሬስቶራንት አሉ። ዕቃ አጣቢው ልጅ እርጥብ ወለል ላይ አዳልጦት የፈላ ድስት ክንዱ ላይ ተደፋ። ደንግጠው ሆስፒታል ወሰዱት። መኪና ውስጥ «ቤት ውስጥ ነው የደረሰብኝ በል፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» አሉት። ክፋት አልነበረም፤ ኢንሹራንሱ ይወደድብኛል ብለው ነው። ኢንሹራንሱ እኮ ነበራቸው! በሁለተኛው ሳምንት ቁስሉ መረቀዘ። ሒሳቡ ከእሳቸው አቅም በላይ ሆነ። ያኔ ለኢንሹራንሱ ሲደውሉ የሆስፒታሉ መዝገብ «ቤት ውስጥ» ይላል። ያን ወረቀት ለማስተካከል የፈጀው ጊዜና የጠበቃ ገንዘብ ከፍርሃቱ በላይ ነበር። ልጁም ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ደመወዝ ተቀመጠ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ነፍስ ይቀድማል። ከባድ ከሆነ 911 ይደውሉ። ለሐኪሙ እውነቱ ይነገር፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲሠራ።

በዚያው ቀን ለኢንሹራንሱ ይደውሉ። ትንሽ ነገር ቢመስልም ይደውሉ። በዲሲና በቨርጂኒያ ለመንግሥት የሚደርሰው ሪፖርት ገደቡ 10 ቀን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሪፖርቱን የሚያስተላልፈው ኢንሹራንሱ ነው። እሱ እንዲያስተላልፍ ግን መጀመሪያ ከእርስዎ መስማት አለበት። የዘገየ ሪፖርት ጥርጣሬ ያመጣል።

ሰው ሞቶ ከሆነ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ወይም አካሉ ተቆርጦ ወይም ዓይኑ ጠፍቶ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ለኦሻ፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህ ከኢንሹራንሱ የተለየ ጥሪ ነው፤ ብዙዎች አያውቁትም።

የሆነውን ይጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያየ ሰው። ፎቶ ያንሡ። የደኅንነት ካሜራ ካለ ቅጂው ሳይጠፋ ያስቀምጡ። «የእሱ ጥፋት ነው» ብለው አይጻፉ። ጥፋት አይጠየቅም ብለናል።

ሠራተኛው የራሱ ቀነ ገደብ እንዳለው ይንገሩት። በቨርጂኒያና በዲሲ አደጋውን ለአሠሪው በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ በሜሪላንድ በ10 ቀን። ኮሚሽኑ ጋ የሚያቀርበው የይገባኛል ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው፦ ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ዲሲ 1 ዓመት፣ ሜሪላንድ በመሠረቱ 60 ቀን ሆኖ ከ2 ዓመት በኋላ በሩ ይዘጋል። እርስዎ ሪፖርት ማድረግዎ የእሱን ጥያቄ አይተካም። «አለቃዬ ጨርሶልኛል» ብሎ የተቀመጠ ሰው መብቱ አልፎበት ሲያዝን አይቻለሁ። ቋንቋ ከከበደው በዲሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይጠይቅ፤ የከተማው የቋንቋ ሕግ ይፈቅድለታል።

የሚከፈለው ስንት ነው? ሕክምናው ሙሉ በሙሉ። ሥራ ካስቀረው ደግሞ ከአማካይ የሳምንት ገቢው ሁለት ሦስተኛ፤ ጣሪያ አለው። በሳምንት 900 ዶላር ያገኝ የነበረ 600 ያገኛል፤ ከእሱ ላይ የገቢ ታክስ አይቆረጥም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን አይከፈሉም፤ በቨርጂኒያ 7 ቀን፣ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ቀን። ጉዳቱ ከረዘመ፣ በቨርጂኒያ ከ3 ሳምንት በላይ፣ በሁለቱ ደግሞ ከ14 ቀን በላይ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ይከፈላል። ግማሹን በቼክ ግማሹን በካሽ የሚከፍሉ ሰዎች እዚህ ይጋለጣሉ። ልጁ «በሳምንት 900 ነበር» ይላል፤ መዝገቡ 400 ይላል። አንደኛው ውሸታም ሊባል ነው።

ሐኪሙ «ቀላል ሥራ ይሥራ» ካለ ቀላል ሥራ ፈልገው ያቅርቡለት። ስልክ ያንሣ፣ ካሸር ላይ ይቀመጥ። ክፍያውን ይቀንሳል፤ ለሰውየውም ቤት ከመዋል ይሻላል። ጥያቄ ስላቀረበ ማባረር ግን በሦስቱም ቦታ ሕገ ወጥ ነው።

ሰባተኛ፦ ኦዲት

ፖሊሲው ዓመት ሲሞላው ኢንሹራንሱ «የገመትከውና የከፈልከው ይመሳሰላል ወይ?» ብሎ መዝገብ ይጠይቃል። ይህ ከታክስ ቢሮ ጋር አይገናኝም፤ አይደንግጡ። የሚፈለገው የደመወዝ መዝገብ፣ የየሩብ ዓመቱ የደመወዝ ታክስ ቅጽ 941፣ የሰጧቸው 1099ዎችና የሰርተፍኬቶቹ ፋይል ነው። ደመወዙ ካነሰ ይመለስልዎታል፤ ከበለጠ ይጨምራሉ። ሰርተፍኬት ያላመጣ ንዑስ ኮንትራክተር ካለ የከፈሉት ገንዘብ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ይጨመርብዎታል። ኦዲቱን ዝም ካሉት ግን ራሳቸው ገምተው ያስከፍላሉ፤ ግምታቸው ለእርስዎ አያደላም።

ካልገዙስ?

ቨርጂኒያ ውስጥ ቅጣቱ በቀን እስከ 250 ዶላር ሆኖ እስከ 50,000 ሊደርስ ይችላል። ኮሚሽኑ ንግዱን እስከ ማዘጋት ይሄዳል። የተጎዳው ሰው ደግሞ ካሣ ከመጠየቅ ይልቅ ፍርድ ቤት ሊከስዎ ይችላል፤ ያኔ «የራሱ ቸልተኝነት ነው» የሚለውን መከላከያ ማንሣት አይፈቀድልዎም። ኢንሹራንስ የሌለው አሠሪ ጋ ለተጎዱ ከሚከፍለው የስቴቱ ፈንድ ቢከፈለው እንኳ ፈንዱ ተመልሶ እርስዎን ይጠይቃል። በሜሪላንድ ደግሞ የንግድ ፈቃድ ሊያወጡ ሲሄዱ የወርከርስ ኮምፕ ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ ተደብቆ መቆየቱም ያን ያህል ቀላል አይደለም።

መጨረሻ ላይ የምትረሳ ነገር። ክፍያ አምልጧችሁ ፖሊሲው ሲሰረዝ ኢንሹራንሱ ዝም አይልም፤ ለመንግሥት ያሳውቃል። ከዚያ «ማስረጃ አቅርብ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው የሚሄደው ድርጅቱ ወደተመዘገበበት አድራሻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቁት አፓርትመንት ከሆነ እዚያው ይቀመጣል፤ ቀኑ ግን ይቆጥራል። ቤት ሲቀይሩ፣ ሱቅ ሲዘጉ፣ ሲሸጡ፣ ለኢንሹራንሱም ለስቴቱም አድራሻውን ያሳውቁ። ሱቁን ከዘጉ ፖሊሲውን በጽሑፍ ያሰርዙ፤ ማረጋገጫውንም ከሰርተፍኬቶቹ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት።